አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ መኪናችሁን ሲያስቆም ምን ታደርጋላችሁ? ከመንገድ ዳር እስከ ኮርት

አዲስ አበባ ላይ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ሲያሳየን ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። መኪናውን ዳር እናስይዛለን። ወረቀታችንን ይዘን እንወርዳለን። ወደ እሱ ሄደን ሰላም እንላለን፤ ካስፈለገም እንለማመጣለን። መውረዱ አክብሮት ነው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ንቀት ይመስላል።

አሜሪካ ውስጥ ይኸው አክብሮት አደጋ ያመጣል። ሳይታዘዝ ከመኪናው ወርዶ ወደ ፖሊስ የሚራመድ ሰው፣ በተለይ በምሽት፣ በተለይ ኪሱን እየዳበሰ ከሆነ፣ ሊያጠቃ የመጣ ይመስላል። በቅርቡ የመጡ ወገኖቻችን ይህንን ከሽጉጥ አፈሙዝ እንዲማሩት አልፈልግም። ስለዚህ ነው በዝርዝር የምጽፈው።

ጽሑፉ ለኡበርና ለትራክ ሹፌሮች፣ አዲስ ለመጡ፣ ልጆቻቸው መንዳት ለጀመሩ ወላጆችም ነው። የስቴት ሕግ ይለያያል። እዚህ የማነሳው በአብዛኛው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነውን ነው። የአንድ ስቴትን ሕግ ሳነሳ ስሙን እጠራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህንን አስታውሱ። ፖሊስ መንገድ ዳር የሚናገረው ወይ ትዕዛዝ ነው ወይ ጥያቄ። ትዕዛዙን ትፈጽማላችሁ፣ ትክክል ባይመስላችሁም። ጥያቄውን ግን በትሕትና እምቢ ማለት ትችላላችሁ። ክርክሩ ኮርት ይደርሳል።

ሰዉ ለምን ፖሊስን ይጠረጥራል?

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሚኒሶታ፣ ጁላይ 6 ቀን 2016 ፊላንዶ ካስቲል የሚባል የ32 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ፋልከን ሃይትስ በምትባል ከተማ ፖሊስ አስቆመው። የትምህርት ቤት ካፊቴሪያ ሠራተኛ ነበር። የተነገረው ምክንያት የፍሬን መብራት ነው። ፖሊሱ ግን ከማስቆሙ በፊት፣ ሹፌሩ የዘረፋ ተጠርጣሪ ይመስላል ብሎ በሬዲዮ ተናግሮ ነበር። ካስቲል ፈቃድ ያለው መሣሪያ ይዞ ስለነበር ያንኑ በእርጋታ ተናገረ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ፖሊሱ 7 ጊዜ ተኮሰበት። መኪናው ውስጥ ፍቅረኛውና የ4 ዓመት ልጇ ነበሩ። በ2017 ፖሊሱ በፍርድ ቤት ነጻ ወጣ። ካስቲል ከዚያ ቀን በፊትም በዓመታት ውስጥ ከ40 ጊዜ በላይ እንዲቆም ተደርጓል፤ አብዛኛው በጥቃቅን ምክንያት ነው።

ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ የትራፊክ ማስቆም መዝገብ አገላብጠው ውጤቱን በ2020 አሳተሙ። ከመሸ በኋላ፣ የሹፌሩ መልክ ከሩቅ መለየት ሲያስቸግር፣ ከሚቆሙት መካከል የጥቁሮች ድርሻ ይቀንሳል። የፍትሕ ሚኒስቴር ደግሞ በ2015 በፈርግሰን፣ ሚዙሪ ባደረገው ምርመራ፣ ፖሊሱ የከተማዋን ካዝና ለመሙላት ቲኬት (የቅጣት ወረቀት) እንዲቆርጥ ይገፋፋ እንደነበር አረጋግጧል።

ሕጉም ለፖሊስ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። በ1996 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደወሰነው፣ አንድ እውነተኛ የትራፊክ ጥፋት እስካለ ድረስ ፖሊሱ በልቡ የሚፈልገው ሌላ ነገር ቢሆንም ማስቆሙ ሕጋዊ ነው። ፍሬቻ ሳታሳዩ መስመር መቀየር ይበቃል። ለዚህ ነው «ያስቆመኝ በሌላ ምክንያት ነው» የሚለው ክርክር መንገድ ዳር ዋጋ የማይኖረው፣ እውነት ቢሆን እንኳ።

ፖሊሱም ይፈራል። ወደማያውቀው መኪና ነው የሚጠጋው። ስልጠና ላይ ባልደረቦቹ መንገድ ዳር ሲገደሉ የሚያሳይ ቪዲዮ እያየ ነው የወጣው። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2021 ባወጣው ምርመራ ግን፣ በ5 ዓመት ውስጥ ሽጉጥም ቢላም ያልሰነዘሩ፣ በከባድ የኃይል ወንጀልም የማይታደኑ ከ400 በላይ ሹፌሮችና ተሳፋሪዎች በፖሊስ ተገድለዋል። ፍርሃቱ ከአደጋው በላይ አድጓል ብዬ አምናለሁ። ይህ በሕግና በስልጠና መስተካከል አለበት። እናንተ በዚያች ሰዓት ማድረግ የምትችሉት ፍርሃቱ እንዳይቀሰቀስ ነው።

1. ከቤት ሳትወጡ

ሬጅስትሬሽንና ኢንሹራንስ በአንድ ስስ ፖስታ አድርጉና በቀላሉ የምታገኙበት፣ ከውጭ የሚታይ ቦታ ላይ አስቀምጡ። ተሳፋሪው ፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ ከናፕኪንና ከቻርጀር ሥር አትቅበሩት። መንጃ ፈቃዳችሁም የኋላ ኪስ ውስጥ ባይሆን ይሻላል።

መብራቶቹን በየጊዜው ፈትሹ። የኋላ መብራት፣ የሰሌዳ መብራት፣ የተለጠፈው የሰሌዳ ቀን፣ እነዚህ የማስቆሚያ ሰበቦች ናቸው።

እኛ ደግሞ መስታወቱ ላይ የምናንጠለጥለው አናጣም። መስቀል፣ መቁጠሪያ፣ ባንዲራ። በብዙ ስቴቶች የሹፌሩን እይታ ይከልላል ተብሎ ያስቆማል። ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ፣ ፊላደልፊያ ከተማ ከ2022 ጀምሮ በዚህ ምክንያት ብቻ ማስቆምን ከልክለዋል። ሌላ ቦታ የምትነዱ ከሆነ ግን መስቀሉን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጉት።

ጫት መኪና ውስጥ አይኑር። አገር ቤት የለመድነው ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው አይጠነቀቅም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ ተመዝግቧል። ዜግነት ላልወሰደ ሰው የዕፅ ክስ ከእስራቱ ይልቅ ኢሚግሬሽኑ ላይ የሚያመጣው ይብሳል።

2. መብራቱ ከኋላ ሲበራ

ፍጥነት ቀንሱ። ፍሬቻ ወደ ቀኝ አሳዩ። ሰፊ ቦታ ስታገኙ ቁሙ። ጨለማ ከሆነ ወይም መኪናው የፖሊስ ምልክት ከሌለው፣ ሀዛርድ አብርታችሁ ቀስ እያላችሁ ብርሃን ያለበት ነዳጅ ማደያ ድረስ መሄድ ትችላላችሁ። 911 (የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር) ደውላችሁ «ከኋላዬ ያለው በእርግጥ ፖሊስ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሀዛርዱን ማብራት አትርሱ፤ እያመለጣችሁ እንዳይመስል።

ከቆማችሁ በኋላ ሞተር አጥፉ። መስኮቱን ዝቅ አድርጉ። ማታ ከሆነ የውስጡን መብራት አብሩ። ሁለት እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ፣ ጣቶቻችሁ እንዲታዩ። ቀበቷችሁን አትፍቱ። ወረቀትም አትፈልጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፖሊሱ ሳይደርስ ወረቀት ላዘጋጅ ብሎ ይንጎዳጎዳል። ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ፖሊስ ግን መሣሪያ የሚደብቅ ወይም የሚያወጣ ሰው ነው።

እናት፣ አባት ወይም ጓደኛ አብሯችሁ ካለ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዲያደርጉና ዝም እንዲሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የእኛ ሰው ዝም አይልም። «ልጄን ተውልኝ» ብላ በሯን የምትከፍት እናት አለች። ከኋላ ሆኖ በአማርኛ ምክር የሚያዥጎደጉድ ጓደኛም አለ። ቋንቋውን የማያውቅ ፖሊስ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው።

መቅረጽ ከፈለጋችሁ ስልኩ መያዣው ላይ እንዳለ አስጀምሩት፣ እጃችሁን መሪው ላይ ከማድረጋችሁ በፊት። የፖሊስን ሥራ በግልጽ መቅረጽ መብት እንደሆነ በርካታ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ወስነዋል። ደብቃችሁ ግን አትቅረጹ። ስልክ ፍለጋም አትዘርጉ።

3. ፖሊሱ መስኮቱ ላይ ሲደርስ

ሰላም በሉ። «ኦፊሰር» ብላችሁ ጥሩ። ወረቀት ሲጠይቅ መጀመሪያ ተናገሩ፣ ከዚያ ተንቀሳቀሱ። «መንጃ ፈቃዴ ጃኬቴ ውስጥ ነው፤ ላውጣው?» በሉና «አዎ» እስኪላችሁ ጠብቁ። መሣሪያ ያለው ሰው ደግሞ እጁን ከመሪው ሳያነሳ ያለበትን ቦታ ይናገርና ፖሊሱ የሚለውን ይጠብቅ፤ ወደዚያ አቅጣጫ በጭራሽ እጁን አይስደድ።

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን እንዳስቆምኩህ ታውቃለህ?» የሚል ነው። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ፖሊሱ ሌላ ነገር ከመጠየቁ በፊት ያስቆመበትን ምክንያት እንዲናገር አስገድዳለች። ሌላ ቦታ ግን ይህ ጥያቄ አለ። «ትንሽ ፈጥኜ ይሆናል፣ ይቅርታ» ካላችሁ ማመናችሁ ነው፤ ኮርት ላይ ይነበብላችኋል። «አላውቅም፣ ኦፊሰር» በቂ ነው። መዋሸት አያስፈልግም፤ መናዘዝም አያስፈልግም።

አገር ቤት ይቅርታ መጠየቅ ቁጣ ያበርዳል። እዚህም ትሕትና ይጠቅማል፤ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ብቻ ተሰጥቷቸው የሚሸኙ ብዙዎች ናቸው። ግን ትሕትናው በድምፃችሁ ይሁን፣ ጥፋትን በማመን አይሁን። ገንዘብ መዘርጋትማ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው። የጉቦ ሙከራ ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው፤ በቀላል ቲኬት የሚያልቀውን ነገር እስር ቤት ያደርሰዋል።

ዓይን ላይም አንድ ነገር ልበል። በእኛ ባህል ትልቅ ሰው ፊት ዓይንን መስበር ጨዋነት ነው። እዚህ ግን የሚደብቅ ሰው ምልክት ነው ብለው ያምናሉ። ስትናገሩ ፊቱን እዩት።

4. ትዕዛዙን ከጥያቄው ለዩ

ከመኪናው ውጡ ካለ ውጡ። ከ1977 ጀምሮ ፖሊስ ሹፌሩን ያለ ተጨማሪ ምክንያት ማስወረድ ይችላል። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ተሳፋሪውንም። «ለምን?» ብላችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ፤ እየወረዳችሁ ግን። መንጃ ፈቃድ፣ ሬጅስትሬሽንና ኢንሹራንስ ማሳየትም ግዴታ ነው። እጃችሁን እንድታሳዩ፣ ሞተር እንድታጠፉ፣ የሆነ ቦታ እንድትቆሙ ማዘዝም ይችላል።

ከዚህ ውጪ ያለው አብዛኛው ጥያቄ ነው። ከየት ነው የምትመጣው? ወዴት ትሄዳለህ? መኪናው ውስጥ ምን አለ? ባየው ቅር ይልሃል? ይህ ሁሉ እንደ ወዳጅ ጨዋታ ነው የሚቀርበው። የእኛ ችግር ደግሞ ለባለሥልጣን እምቢ ማለት ነውር አድርገን ማደጋችን ነው። እንግሊዝኛው በደንብ ያልገባን ጊዜም ራሳችንን እንነቀንቃለን። መነቅነቁ ፈቃድ ነው። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊስ «እምቢ ማለት ትችላለህ» ብሎ የመንገር ግዴታ እንደሌለበት ወስኗል። ስለዚህ ማንም አይነግራችሁም። እናንተ ናችሁ ማወቅ ያለባችሁ።

ትዕዛዝ ይሁን ጥያቄ ካልለየላችሁ ጠይቁ፦ «አም አይ ሪኳየርድ ቱ ዱ ዛት?» ግዴታዬ ነው ወይ ማለት ነው። ቲኬቱን ከተቀበላችሁ በኋላ ወሬው ከቀጠለ፦ «አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?» መሄድ እችላለሁ ወይ? በ2015 በሮድሪገዝ ጉዳይ እንደተወሰነው፣ ቲኬት ለመጻፍ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ፣ ለምሳሌ የሚያነፈንፍ ውሻ እስኪመጣ፣ ያለ በቂ ጥርጣሬ ማቆየት አይቻልም። በዚያ ጉዳይ ክርክሩ ስለ 7 ወይም 8 ደቂቃ ነበር። ደቂቃዋ ትቆጠራለች። ሰዓታችሁን እዩ።

መልስ መስጠት ካልፈለጋችሁ ዝም ከማለት ይልቅ «መልስ ባልሰጥ እመርጣለሁ» ብላችሁ ተናገሩ። ዝምታችሁ መብት ሆኖ የሚቆጠረው በግልጽ ስትናገሩት ነው።

5. ልፈትሽ ቢል

«ኦፊሰር፣ አይ ዶንት ኮንሰንት ቱ ኤ ሰርች።» ፍተሻ አልፈቅድም ማለት ነው። በእርጋታ፣ አንዴ፣ ካሜራው እንዲቀርጸው ጎላ አድርጋችሁ። ምንም የምትደብቁት ባይኖርም እንዲህ በሉ። ኡበር የምትሠሩ ከሆነ ያለፈው ተሳፋሪ ወንበር ሥር ምን ጥሎ እንደሄደ አታውቁም።

ፖሊሱ ከዚህ በኋላም ሊፈትሽ ይችላል። ከ1925 ጀምሮ መኪና ውስጥ ወንጀል ነክ ነገር አለ ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ያለው ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ይፈትሻል። ያኔ አትከልክሉ፣ በሩ ላይ አትቁሙ፣ አትንኩት። እምቢታችሁ የሚጠቅመው በኋላ ነው። ምክንያቱ በቂ ካልነበረ ጠበቃችሁ የተገኘውን ማስረጃ ውድቅ ማስደረግ ይችላል። ፈቅዳችሁ ከነበረ ግን ያ በር ተዘግቷል።

ስልካችሁ የተለየ ነው። በ2014 እንደተወሰነው፣ ብትታሰሩ እንኳ ስልኩን ለመፈተሽ በመደበኛው ማዘዣ ያስፈልጋል። የሚስጥር ቁጥሩን አትስጡ።

መጠጥ ጠርጥሮ በመስመር ላይ ተራመድ፣ በአንድ እግር ቁም ቢል፣ ይህ በአብዛኛው ስቴት ግዴታ አይደለም። ከተያዛችሁ በኋላ የሚመጣው የትንፋሽ ምርመራ ግን ሌላ ነው። እሱን እምቢ ማለት ላይሰንስ ያሳግዳል።

6. ከየት አገር ነህ ቢል

የት እንደተወለዳችሁ፣ እንዴት እንደገባችሁ ለትራፊክ ፖሊስ የመመለስ ግዴታ የለባችሁም። በአንዳንድ ካውንቲዎች የአካባቢው ፖሊስ ከኢሚግሬሽን ጋር የትብብር ስምምነት ስላለው ጥያቄው ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል፣ 18 ዓመት የሞላው ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያዛል።

ሁለት ነገር በፍጹም አታድርጉ። የሐሰት ወረቀት አታሳዩ። ሳትሆኑ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» አትበሉ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ግሪን ካርዱንም የወደፊት ዜግነቱንም ሊያሳጣ ይችላል።

7. ቲኬቱ

ፈርሙ ካለ ፈርሙ። ፊርማው ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም፤ ቀጠሮው ደርሶኛል ማለት ነው። በአንዳንድ ስቴቶች አልፈርምም ማለት ሊያሳስር ይችላል። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ (2001) ቀበቶ ባለማሰር ብቻ እንኳ ማሰር ሕገ መንግሥቱን አይጥስም። ስለዚህ በትንሽ ነገር እልህ አትጋቡ።

ፖሊሱ ከሄደ በኋላ ወዲያው አትንዱ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ስሙንና የባጁን ቁጥር፣ የተባለውን ቃል በቃል ስልካችሁ ላይ በአማርኛ መዝግቡ። በማግስቱ ግማሹ ይጠፋል።

8. ኮርት

ብዙ ሹፌር ቲኬቱን በዚያው ማታ ኦንላይን ከፍሎ ይገላገላል። መክፈል ግን ጥፋትን ማመን ነው። መንጃ መዝገባችሁ ላይ ፖይንት (የጥፋት ነጥብ) ይመጣል፣ ኢንሹራንስ ይጨምራል፣ ኡበር አካውንትም ሊዘጋ ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ቲኬቱን ለጠበቃ አሳዩ።

ቨርጂኒያ የምትነዱ በተለይ ስሙኝ። ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ተራ ቲኬት ሳይሆን የወንጀል ክስ ነው። 70 በሚፈቅድ ሃይዌይ ላይ 86 መንዳት ማለት ነው። እስከ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ያስቀጣል፣ የመንጃ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ከሜሪላንድና ከዲሲ የሚሻገሩ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ ኮርት ሲደርሱ ይደነግጣሉ።

የትራክ ሹፌር ከሆናችሁ ከገደቡ በ15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ ከባድ ጥፋት ተብሎ ይመዘገባል። በ3 ዓመት ውስጥ ሁለቴ ከተፈረደባችሁ ሲዲኤሉ (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃዱ) ለ60 ቀን ይታገዳል። ለተራ ሹፌር የሚሰጠው «ትምህርት ውሰድና ይሰረዝልህ» የሚለው ምሕረት ለሲዲኤል አይሠራም። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በፍተሻ ላይ እንግሊዝኛ መግባባት ያልቻለ ሹፌር እዚያው ከሥራ እንዲቆም ይደረጋል። መንገድ ላይ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ከአንድ እንግሊዝኛ አዋቂ ጋር ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ።

ኮርት ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነጻ ነው። ከቀጠሮው ቀደም ብላችሁ ለጸሐፊው አሳውቁ። እንግሊዝኛ እንችላለን ብላችሁም ቢሆን የሕግ ቋንቋው ሌላ ነውና አትኩሩ። ዜግነት ያልወሰደ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት የኢሚግሬሽን ሁኔታውን ለጠበቃው ይንገር። በወንጀል ክስ፣ ጠበቃው ጥፋትን ማመን ከአገር እንደሚያስባርር ማስጠንቀቅ እንዳለበት በ2010 ተወስኗል፤ ሳትነግሩት ግን ሊያውቅ አይችልም።

9. በደል ከደረሰባችሁ

ዝም አትበሉ። «ምን ይመጣል ብለህ ነው?» የሚላችሁ አይጠፋም። ያልተመዘገበ በደል ግን እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ ያ ፖሊስ ነገ ሌላ ሰው ሲበድል የእናንተ ቅሬታ መዝገቡ ላይ ይገኛል። ዲሲ ውስጥ ከፖሊስ ነጻ የሆነ የቅሬታ ቢሮ አለ። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግም አማርኛ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ቅሬታችሁን በአማርኛ ማቅረብ ትችላላችሁ። ሌላ ቦታ በፖሊስ መምሪያው ውስጥ ያለውን የውስጥ ምርመራ ክፍል ጠይቁ።

ክስ ካለባችሁ ግን ቅሬታውን ከማስገባታችሁ በፊት ጠበቃችሁን አማክሩ፤ የጻፋችሁት በእናንተ ላይ ሊጠቀስ ይችላል። የፖሊሱ የደረት ካሜራ ቪዲዮ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ስለሚጠፋ እንዲቀመጥላችሁ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ጠይቁ። ጥያቄው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመንገዱን ስምና የቲኬቱን ቁጥር ጻፉ፤ አንድ ኮፒ አስቀሩና የተቀበሉበትን ማረጋገጫ ያዙ።